ላም አለኝ በሰማይ፦ ፋይላችንን በነፃ የሚያስቀምጡልን ድርጅቶች ከምን ይኖራሉ?

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዘመናችን አንድ አዲስ ጎተራ አግኝተናል። ይህ ጎተራ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ አይደለም፤ በመካነ ሰላምም ሆነ በደሴ ፈልገን አናገኘውም። የመምህራን ማስታወሻ፣ የቀድሞ ዓመታት ፈተና፣ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሣ መጽሐፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ፣ የወላጆቻችን ፎቶግራፍ ሳይቀር በዚህ ጎተራ ይከተታል። ቁልፉ በእጃችን ያለ ይመስለናል፤ ኪራይም ከፍለን አናውቅም። የጎተራው ባለቤት ማን እንደ ሆነ፣ ስለ ምን ብሎም ንብረታችንን በነፃ እንደሚጠብቅልን የጠየቀ ግን በመካከላችን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ አንሥቶ መልሱን በተቻለ መጠን ማብራራት ነው። ጥያቄው ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። ፋይላችን በዚያ ጎተራ ውስጥ ስንት ዘመን እንደሚቆይ የሚወስነው የባለቤቱ ደግነት ሳይሆን የባለቤቱ ገቢ ነውና። ገቢው ከየት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው የትኛውን ዕቃ በየትኛው ጎተራ ማኖር እንደሚገባው ያውቃል፤ ያላወቀው ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ይሆናል። ከዚህ በታች የውጭ አገሩን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ ያገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

የጎተራው ወጪ

በቋንቋችን ፋይልን ወደ ኢንተርኔት መስደድን «መጫን»፣ ከዚያ መቀበልን ደግሞ «ማውረድ» ብለን መጥራታችን ተገቢ ነገር ነው። በደጋውና በቆላው መካከል እህልና ጨው በአህያና በበቅሎ ያመላለሰ ሰው ሁሉ ሁለቱን ቃላት ያውቃቸዋል። እንዲሁም መጫንም ማውረድም ያለ ወጪ እንደማይሆን ከእኛ አብልጦ ያውቃል፤ በቅሎዋ ገብስ ትበላለች፣ ጫኙ ይደክማል፣ ዕቃው የሚያድርበት ቤትም ጠባቂ ያሻዋል።

የፋይላችንም ነገር እንዲሁ ነው። «በደመና ተቀመጠ» ይባል እንጂ የተቀመጠው በምድር ላይ ነው፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ወይም በሌላ አገር በሚገኝ ታላቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰርቨር በሚባሉ ኮምፒዩተሮች ዲስክ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዲስክ ያረጃል፤ ባረጀም ጊዜ መለወጥ አለበት። ሰርቨሩ ቀንም ሌሊትም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ስለሚግልም ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ፋይሉ በወረደ ቁጥር የሚያልፍበት የኢንተርኔት መስመር ይከፈልበታል። በዚህ ላይ የመሐንዲሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞችና የጠበቆች ደመወዝ ይጨመራል። እንግዲህ ተጠቃሚው ባይከፍልም አንድ ሌላ ሰው በየወሩ ይከፍላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ወጪው በመጀመሪያ እንደሚታሰበው ያህል የከበደ አይደለም። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የእድር ድንኳንን ይመስላል። አንድ ድንኳን ለሁለት መቶ አባሎች የሚበቃው ኀዘን በሁሉም ቤት በአንድ ቀን ስለማይገባ ነው። ድርጅቱም ለእያንዳንዱ ሰው 15 ጊጋባይት ቦታ ቢሰጥ፣ አብዛኛው ሰው ከዚያ የሚጠቀመው ጥቂቱን ብቻ ስለ ሆነ ቦታውን ሁሉ አስቀድሞ መግዛት አይገደድም። ሁለተኛው ምክንያት አንድ ዓይነት ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ ሊቀመጥ መቻሉ ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል እንደ ጣት አሻራ የሚሆን ቁጥር በስሌት ይወጣል፤ አንድ ሺህ ሰዎች ያንኑ መጽሐፍ ቢጭኑ ቁጥሩ አንድ ስለሚሆን መጽሐፉ አንድ ጊዜ ይቀመጥና ለአንድ ሺህ ሰዎች የየራሳቸው መስሎ ይታያል። ይህን ዘዴ ብዙዎቹ ድርጅቶች ይሠሩበታል።

አራቱ የገቢ በሮች

ወጪውን እንዲህ ካየን ወደ ገቢው እንለፍ። ነገሩን ለመረዳት እንዲቀል አንድ ምሳሌ እናስቀድም። በገበያ ዳር ጠላ የምትሸጥ አንዲት ብልህ ሴት አለች እንበል። ደጃፏን ለነጋዴዎች ከፍታ «ዕቃችሁን በነፃ አኑሩ» ትላቸዋለች። በደጃፉ ያለው ዕቃ ፀሐይና ግፊያ ያገኘዋል፤ ቁልፍ ያለው ጓዳ የሚፈልግ ግን ይከፍላል። ሰው በቤቷ ስለሚበዛ፣ ሳሙና ሻጩ ገንዘብ ሰጥቷት ምልክቱን በግድግዳዋ ላይ ይሰቅላል። ብዙ ገበያተኛ የሚያስከትል ዕቃ ላመጣላት ነጋዴ ዋንጫ ሙሉ ጠላ በነፃ ትቀዳለታለች። ቤቷ እስኪታወቅ ድረስም ገብስና ጌሾ የምትገዛው ከወንድሟ በተበደረችው ገንዘብ ነው። በኢንተርኔት ላይ ያሉት ጎተራዎችም ገንዘብ የሚያገኙት በእነዚሁ አራት በሮች ነው።

አንደኛው በር የጓዳው ኪራይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ራፒድሼር የሚባለው የስዊስ ድርጅት የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በነፃ የሚያወርድ ሰው ሰዓት እየተቆጠረበት እንዲጠብቅ፣ ፋይሉም ቀስ እያለ እንዲወርድ ይደረግ ነበር፤ የሚከፍል ሰው ግን ሳይጠብቅ በፍጥነት ያወርዳል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ዝግታው ሁልጊዜ ከመሣሪያ ድካም የመጣ አልነበረም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። ድርጅቱ የሚሸጠው ዕቃ ፍጥነት እንዲሆን ነፃው መንገድ መዝገም ነበረበት። በአጭሩ፣ ትዕግሥት ያጣው ሰው የታጋሹን ወጪ ይከፍል ነበር ማለት ይቻላል።

ሌሎች ደግሞ ፍጥነትን ሳይሆን ስፋትን ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው ድሮፕቦክስ ለጀማሪ 2 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚሻ ይከፍላል። ድርጅቱ በ2018 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ በገለጠው ሒሳብ መሠረት ከ500 ሚሊዮን በላይ የተመዘገቡ ሰዎች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ የሚከፍሉት 11 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሒሳቡን ብንሠራው ከመቶ ሰዎች የሚከፍሉት ሁለቱ ናቸው። ያም ሆኖ በ2017 ያገኘው ገቢ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ስለ ነበረ፣ አንዱ ከፋይ በዓመት በአማካይ ወደ 100 ዶላር ሰጥቷል ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች ዘጠና ስምንቱን ተሸክመው ነበር። ሆኖም በዚያ ዓመት ድርጅቱ ከ111 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሥሯል፤ ሁለቱ ሸክሙን ሁሉ አልቻሉትም ነበር።

ጉግልም የሚጠቀምበት መንገድ ይኸው ነው። 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ይህም ቦታ ለደብዳቤ፣ ለፎቶግራፍና ለፋይል በጋራ ነው። ፎቶግራፍ መጠኑ ተቀንሶ እስከ ተቀመጠ ድረስ ያለ ገደብ በነፃ ይቀበል የነበረውን አሠራር ግን ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ አቁሟል። ሰዎች የብዙ ዓመት ፎቶግራፋቸውን ከከተቱ በኋላ ጎተራው ልኬት ወጣለት። ድርጅቱ በድራይቭ የተቀመጠውን ፋይል ለማስታወቂያ እንደማይጠቀምበት ይናገራል፤ ስለዚህ ትርፉ የሚገኘው ከልማድና ከኪራይ ነው። አንድ ሰው ዕቃውን ሁሉ በአንድ ቤት ካስገባ በኋላ ከዚያ ቤት መውጣት ይከብደዋልና።

ሁለተኛው በር ማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ዚፒሼር የኖረው በዚህ ብቻ ነበር። ምዝገባ አይጠይቅም፣ ኪራይም አይቀበልም፤ ሰው ፋይሉን ሊያወርድ ሲመጣ በገጹ ላይ የሚታየው ማስታወቂያ ብቻ ወጪውን ይሸፍን ነበር። ሚዲያፋየር የሚባለው ደግሞ ማስታወቂያንና ኪራይን አጣምሮ ይሠራል። በእንደዚህ ያሉ ገጾች ላይ ትልቁ «አውርድ» የሚል ምልክት ብዙ ጊዜ ፋይሉ ሳይሆን ማስታወቂያው ነው፤ እውነተኛው ምልክት ትንሽ ሆኖ ከጎን ይቀመጣል። ይህም የሆነው በስሕተት አይደለም፤ ማስታወቂያው በተነካ ቁጥር የሚከፈል ገንዘብ ስላለ ነው። ከዚህ የተነሣ ያልፈለግነው ፕሮግራም ወደ ስልካችን ይገባል።

ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፉት ዜንደርና ሼርኢትም በዚሁ በር የሚገቡ ናቸው። ፋይሉ በሁለቱ ስልኮች መካከል በሬዲዮ ሞገድ ስለሚያልፍ ድርጅቶቹ ሰርቨር አያወጡም፤ ወጪያቸው ትንሽ ነው። ስልኩ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ግን ማስታወቂያ፣ ጨዋታና ቪዲዮ ያቀርባሉ፤ ከዚያ ይከፈላቸዋል። የሕንድ መንግሥት በጁን 2020 ካገዳቸው 59 የቻይና መተግበሪያዎች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኙባቸዋል። ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅትም በፌብሩዋሪ 2021 ሼርኢት የተጠቃሚውን ፋይል ለሌላ ሰው ሊያጋልጥ የሚችል ጉድለት እንዳለበት ገልጦ ነበር፤ ባለቤቶቹም ከዚያ በኋላ አስተካክለነዋል ብለዋል።

ሦስተኛው በር ዕቃ ለሚያመጣው ሰው ጉርሻ መስጠት ነው። በዚህ የታወቀው በ2005 የተከፈተው ሜጋአፕሎድ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጃንዋሪ 2012 ባቀረበው ክስ እንደ ተጻፈው፣ ድርጅቱ ብዙ ሰው የሚያወርደውን ፋይል ለጫኑ ሰዎች ገንዘብ ይከፍል ነበር። የጉርሻው ምክንያት ግልጥ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገው የራሳችንን ማስታወሻ ሳይሆን አዲስ ፊልምና ሙዚቃ ነው፤ ይህን የፈለገው ሕዝብ መጠበቅ ሲሰለቸው ኪራይ ይከፍላል፤ እስኪከፍልም ድረስ ማስታወቂያ ያያል። በክሱ መሠረት ድርጅቱ ከኪራይ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ከማስታወቂያ ደግሞ ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ዋናው ባለቤት ክሱን እንደ ካደ ነው፤ ሁለት ባልደረቦቹ ግን በኒውዚላንድ ጥፋታቸውን አምነው በ2023 ተፈርዶባቸዋል። ፍርዱ የፍርድ ቤቱ ቢሆንም፣ ከቁጥሮቹ የምንማረው ኪራይ ከማስታወቂያ ስድስት እጥፍ መብለጡን ነው።

አራተኛው በር የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ቴሌግራም ነው፤ ምንም እንኳ በተፈጥሮው የመልእክት መለዋወጫ ቢሆን፣ ለእኛ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ዋናው መጽሐፍ ቤታችን ሆኗልና። ፓቬል ዱሮቭ ከወንድሙ ጋር ሆኖ በ2013 ከከፈተው በኋላ ለብዙ ዓመታት ወጪውን ይሸፍን የነበረው ከራሱ ኪስ እንደ ሆነ በዲሴምበር 2020 ገልጦ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ድርጅቱ ገቢ መፈለግ እንዳለበት አስታወቀ። በማርች 2021 የብድር ሰነድ በመሸጥ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። በዚያው ዓመት በትልልቅ ቻናሎች ላይ ማስታወቂያ መታየት ጀመረ። በጁን 2022 ደግሞ ኪራዩ መጣ፤ በነፃ የሚጠቀም ሰው አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ሲጭን፣ የሚከፍለው እስከ 4 ጊጋባይት ይጭናል፣ በበለጠ ፍጥነትም ያወርዳል። ከ2024 ጀምሮ ከማስታወቂያው ገቢ ግማሹ ለቻናል ባለቤቶች እንዲካፈል ተደረገ። እንግዲህ በአራተኛው በር የገባው ድርጅት ከጊዜ በኋላ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው በር ማለፉ አልቀረም። ብድር ዘላቂ ገቢ አይደለምና፣ በብድር የሚኖር ነፃ አገልግሎት ሁሉ አንድ ቀን ጠባዩን ይለውጣል።

የመካነ ሰላም ተማሪ የቱ ጋ ይቆማል?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመካነ ሰላም ሆኖ አንድ መጽሐፍ ከኢንተርኔት የሚያወርድ ተማሪ ከእነዚህ በሮች በየትኛው ይከፍላል?

በኪራይ በር አይከፍልም። ዋጋው በዶላር ነው፤ መክፈያውም የውጭ አገር ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ካርድ ነው፤ ይህ ደግሞ በተማሪ እጅ አይገኝም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ በወር ሁለት ዶላር የሚባለው እንኳ ለተማሪ የዳቦ ገንዘብ ሆኗል።

በማስታወቂያው በር የሚከፍለውም እጅግ ጥቂት ነው። አስተዋዋቂ ገንዘቡን የሚያወጣው ዕቃውን ሊገዛ ለሚችል ሰው ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ወይም በጀርመን የሚኖር ሰው አንድ ማስታወቂያ ሲያይ የሚከፈለው፣ በወሎ ደጋ የሚኖር ተማሪ ሲያይ ከሚከፈለው በብዙ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ተማሪው ይከፍላል። የሚከፍለውም ከኢትዮ ቴሌኮም ለሚገዛው ፓኬጅ ነው። ማስታወቂያው ራሱ ከዚያው ፓኬጅ ላይ ይበላል፤ በተሳሳተ ምልክት የወረደው ፕሮግራምም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ጠቅላላው ነገር የሚገለጠው፤ ከኪሳችን የሚወጣው ገንዘብ ከጎተራው ባለቤት ዘንድ አይደርስም። እኛ ብዙ ከፍለናል እንላለን፤ ጎተራው ግን ከእኛ ምንም አላገኘም ለማለት ይቻላል። ደንበኛ ነን ብለን እናስባለን እንጂ በባለቤቱ መዝገብ ላይ ያለነው ከወጪው ወገን ነው።

ይህን ብክነት በሒሳብ እንየው። በስልክ ካሜራ የተነሣ አንድ 40 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ማስታወሻ በ60 ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ለየብቻው ቢያወርደው 2,400 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ተማሪ አውርዶ ለቀሩት 59ኙ ከስልክ ወደ ስልክ ቢያቀብል ግን የሚወጣው 40 ሜጋባይት ብቻ ነው። ልዩነቱ የስድሳ እጥፍ ነው። ይህ በአንድ ማስታወሻ ነው፤ በአንድ መንፈቅ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አንባቢ ራሱ ይደምር።

ጎተራው ሲዘጋ

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚያደርሰን ወደ አንድ ነገር ነው። ፋይል የሚኖረው ለባለቤቱ ገቢ እስካመጣ ወይም ወጪው እስካላስቸገረ ድረስ ነው። ዚፒሼር አንድ ፋይል 30 ቀን ሳይነካ ከቆየ ይደመስሰው ነበር፤ የማይነካ ፋይል ማስታወቂያ አያሳይምና። ዚፒሼር ራሱም በወር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጉብኝት እያለው በማርች 2023 መጨረሻ ተዘጋ። ባለቤቶቹ የሰጡት ምክንያት የኤሌክትሪክ ዋጋ መናሩንና ብዙ ሰዎች ማስታወቂያ በሚከለክል ፕሮግራም መጠቀማቸውን ነው። አንድ የገቢ በር ብቻ የነበረው ቤት ያ በር ሲጠብ ሌላ መውጫ አልነበረውም። ራፒድሼርም በማርች 2015 ተዘግቷል።

የሜጋአፕሎድ ፍጻሜ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 2012 በድንገት ተያዘ። የተሰረቀ ፊልም ያስቀመጠውና የገዛ ራሱን ሥራ ያስቀመጠው በአንድነት በሩ ተዘጋባቸው። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር የትምህርት ቤት ስፖርት እየቀረጸ የሚተዳደር አንድ ሰው፣ የቤቱ ዲስክ ተበላሽቶበት የቀረው ቅጂ በሜጋአፕሎድ ብቻ ስለ ነበረ፣ የራሱን ፋይል ለማስመለስ እስከ ፍርድ ቤት ሄዷል። በኔዘርላንድ የነበሩት ከ600 በላይ የድርጅቱ ሰርቨሮች ደግሞ በ2013 ተደምስሰዋል። ጎረቤቱ በሠራው ጥፋት ጎተራው ሲታሸግ የእርሱም እህል አብሮ ታሸገ።

ጉግልም ቢሆን ከ2 ዓመት በላይ ያልተከፈተን የግል አድራሻ ከነፋይሉ ሊደመስስ እንደሚችል አስታውቆ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎታል። ከምረቃ በኋላ ስልኩን ለውጦ የይለፍ ቃሉን የረሳ ተማሪ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ጎተራው ሳይዘጋም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ማለቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉት ሰርቨሮች እንደ ወትሮው ይሠሩ ነበር። ፋይሉ አልጠፋም፤ ባለ ፋይሉ ግን አያገኘውም። በዚያን ጊዜ ማስታወሻውን በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ካርድ የያዘው ተማሪ አነበበ፤ በሰማይ ያኖረው ላሙን እያሰበ ተቀመጠ።

የደራሲው ድርሻ

ስለ ገቢ ስናነሣ ጨርሶ የማያገኘውን ሰው ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ብዙ ዓመት ደክሞ ያሳተመው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲበተን፣ የቻናሉ ባለቤት ተከታይ ያገኛል፤ ተከታዩ ሲበዛ ማስታወቂያ በብር ይቀበላል። ቴሌግራም ድርሻውን ያገኛል፤ የኢንተርኔት አቅራቢው ፓኬጁን ይሸጣል። ደራሲው ብቻ ባዶ እጁን ይቀራል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት እንደሚቆይ ደንግጓል።

በሌላ ወገን እውነቱን መናገር አለብን። በመካነ ሰላም የመጻሕፍት መደብር እንደ አዲስ አበባ ሞልቶ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ የትምህርት መጽሐፍ ዋጋም ከተማሪ አቅም በላይ ነው። ነፃው ጎተራ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን አንዳንድ መጻሕፍትን ከስማቸው በቀር አናውቃቸውም ነበር። ስለዚህ አገልግሎቱን ለማውገዝ አልጻፍንም። ነገር ግን በብር ተገዝቶ ሊነበብ የሚችለውን የአገራችንን ደራሲ መጽሐፍ፣ ሊገኝ ከማይችለው የውጭ አገር መጽሐፍ ለይቶ ማየት የተማረ ሰው ተግባር ነው እንላለን። የመጀመሪያውን አምስት ሆነን አዋጥተን ልንገዛው እንችላለንና።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፦ የደከምንበትን ነገር ሁሉ፣ በተለይም የመመረቂያ ጽሑፍን፣ በነፃው ጎተራ ብቻ አናስቀምጥ። አንድ ቅጂ በፍላሽ በእጃችን፣ ሌላ ቅጂ በሌላ ቤት በሚኖር የታመነ ጓደኛ ዘንድ ይሁን፤ በኢንተርኔት ያለው ሦስተኛው ይሁን። ሌባም እሳትም አንድ ቤት እንጂ ሁለት ቤት በአንድ ሌሊት አይገባምና።

ሁለተኛ፦ ፋይል ከመጫናችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? ፋይሉ ሳይነካ ስንት ጊዜ ይቆያል? ሊንኩን ያገኘ ሰው ሁሉ ሊከፍተው ይችላልን? በተለይ መታወቂያን፣ የውጤት ወረቀትንና የቤተሰብን ጉዳይ ለማንም በሚከፈት ሊንክ ማስቀመጥ ደጃፍን ክፍት ትቶ እንደ መተኛት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ቢሆንም አዋጅ የሚረዳው ራሱን የሚጠብቀውን ነው።

ሦስተኛ፦ አንድ ሰው አውርዶ ብዙ ሰው ይቀበል። ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ማስተላለፊያ ማስታወቂያ ሳያሳይ ይህን ሥራ ይሠራል። ክፍሉ በየተራ አውራጅ ቢመድብና የፓኬጁን ዋጋ በጋራ ቢያዋጣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከሳንቲም አይበልጥም።

አራተኛ፦ ከማስታወቂያ ሳይሆን ከሕዝብ በጀት የሚኖሩትን ማከማቻዎች እንወቃቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ናድሬ በሚል አጭር ስም የሚጠራው ብሔራዊ የትምህርት ጽሑፎች ማከማቻም አለ። በእነዚህ የሚቀመጥ ጽሑፍ ጠቅታ ስላመጣ ሳይሆን ዕውቀት ስለ ሆነ ይጠበቃል።

አምስተኛው ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ነው። በየትምህርት ክፍሉ አንድ ዲስክ ተገዝቶ፣ ማስታወሻዎችና በባለቤታቸው ፈቃድ የተሰጡ የመመረቂያ ጽሑፎች በእርሱ ይቀመጡ። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔድያን በሙሉ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ስለሚቻል፣ እርሱም ይጨመርበት። ይህም ጎተራ ቢሆን ወጪ እንዳለው አንርሳ፤ ዲስኩ ያረጃል፣ ጠባቂም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ የሚሆን ሌላ ዲስክ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ተመራቂው ሁሉ ሲወጣ ጥቂት ብር አዋጥቶ የአሮጌው ዲስክ መለወጫ ለሚቀጥለው ክፍል ይተውለት። በዚህ ጎተራ ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው ስለሚሆን፣ «ስለ ምን ብሎ ያስቀምጥልናል» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ዲስኩን ለመግዛት የሚሆነው ገንዘብ ከሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ በፊት እንዲታሰብበት፣ በየትምህርት ክፍሉ ያላችሁ ተወካዮችም የማስታወሻዎቻችሁን ዝርዝር ከወዲሁ አዘጋጅታችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን።